ሁለት ቁጥር፣ አንድ መስመር

ሽብሩ የደወለልኝ ረቡዕ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ሰላምታ አላስቀደመም።

«ጋሼ፣ ጋሽ ከድር አረፈ።»

«መቼ?»

«ጎህ ሲቀድ። ልቡ ነው አሉ። አሁን ቀብረን ከኮልፌ መመለሳችን ነው። ቀደም ብዬ ያልደወልኩት የእርስዎን ቁጥር የሚያወጣልኝ ሰው አጥቼ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽብሩ የስልክ ቁጥር የሚያወጣለት ሰው የሚያስፈልገው የቀኝ ዐይኑ ጨርሶ ስለማያይ፣ የግራውም በክንድ ርቀት ያለውን ብቻ ስለሚለይ ነው። ይቅርታ ጠያቂው እሱ መሆኑ ከበደኝ። ስልኩን ዘግቼ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ።

አቶ ከድር በተገናኘን ቁጥር፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ያህል፣ ከሰላምታ ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር፤ «ነገሩት?» የሚል። እኔም «ገና ነኝ» እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አሳለፍኩ። አሁን ጠያቂው ሄዱ። ሊነገረው የሚገባው ሰው ግን አለ፤ እሱም ሽብሩ ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልናገር። እኔ በካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ፤ ሽብሩ ከሾፌሮቻችን አንዱ ነበር። አቶ ከድር ደግሞ በቂርቆስ ሰፈር በአንድ ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበሩ። መሥሪያ ቤታችን ሾፌሮቹን በየዓመቱ ለምርመራ የሚልከው ወደዚያ ስለነበር፣ ከአቶ ከድር ጋር መጀመሪያ የተዋወቅነው በፊርማ ነው። ውጤት ሲጽፉ ቁጥሩን በአኃዝም በፊደልም ያሰፍሩታል፤ ከጎኑም ደሙ የተቀዳበትን ሰዓትና ደቂቃ። በሥራ ዘመኔ ስፍር ቁጥር የሌለው ፊርማ በእጄ አልፏል፤ ደም የተቀዳበትን ደቂቃ የሚጽፍ ሰው ግን ሌላ አልገጠመኝም። መልካቸውን ሳላውቅ አከበርኳቸው።

በአካል ሳገኛቸው ረዥም፣ ቀጭን፣ የግራ ትከሻቸው ዘንበል ያለ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። ነጭ ጋዋናቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቶ የሸሚዛቸው መስመር በውስጡ ይታያል። የደሙን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው ሲያዩ አንድ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ቀይ የደወል ሰዓት አለ፤ ሌሎች ክፍሎች እየተዋሱ ስለሚያስቀሩባቸው ከጠረጴዛው እግር ጋር በሲባጎ አስረውታል። «ደኅና ነህ» ወይም «ታመሃል» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። የሚሉት «ዛሬ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከሃያ ይህን ይላል» ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ትዕግሥቱ አልቆ «ጋሽ ከድር፣ ታዲያ ስኳር አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

«እኔ ደምህን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፤ አንድ መልስ ሰጠኝ» አሉት። «አንተ ደግሞ ፍርድ ትፈልጋለህ። ፍርድ በአንድ ምስክር አይሰጥም። ማክሰኞ ተመለስ።»

ጣት ተወግቶ ወዲያው ቁጥር የምታወጣው ትንሽ መሣሪያ ወደ ጤና ጣቢያው ስትመጣ ሁሉም ተደሰተ። አቶ ከድርም ተጠቀሙባት፤ በእሷ ብቻ ግን ማንንም የስኳር በሽተኛ ብለው አልጻፉም። «እሷ ጎረቤት ናት» ይሉ ነበር። «ጎረቤት ወሬ ታመጣለች። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። ሄዶ ማየት ግን የባለቤቱ ፋንታ ነው።»

አሁን ወደ ሽብሩ ልመለስ። በመሥሪያ ቤታችን ጋራዥ የዓመቱ ምርመራ ሲቃረብ አንድ ልማድ ነበር፤ ሾፌሮቹ «የአብሽ ሳምንት» ይሉታል። ከምርመራው ሰባት ቀን አስቀድሞ ጠዋትና ማታ የአብሽ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሻያቸውን ያለ ስኳር ያደርጋሉ፤ ዳቦ ይተዋሉ። ጠዋት በባዶ ሆድ ደም ሲሰጡ የስኳር ውጤታቸው ይጸዳል። ሳምንቱ ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። በልቤም አልነቀፍኳቸውም፤ እኛስ ኦዲተር ሊመጣ ነው ሲባል መዝገብ ቤቱን በሦስት ቀን ውስጥ አሰናድተን አልነበረም የምንጠብቀው?

ሽብሩ ያን ጊዜ ደንደን ያለ፣ ሣቂታ፣ መንገድ የማይሰለቸው ሰው ነበር። ከወንበሩ ሥር ሁልጊዜ አንድ ትንሽ ጄሪካን ውሃ አይጠፋም። ለመስክ ሥራ ስንወጣ በየመንገዱ መኪናውን እያቆመ ይወርዳል። ጓደኞቹ ይተርቡታል።

«ሽብሩ፣ ውሃውን የምትጠጣው አንተ ነህ ወይስ ሞተሩ?»

«ሞተሩስ ቢጠማው እኔን ይመስላል» ይላል።

«ዛሬ ደግሞ ሻይህ ያለ ስኳር ሆነ። ታመምክ እንዴ?»

«እንዳልታመም ነው። መንጃ ፈቃዴን ልትወርሰኝ አሰፍስፈሃል፤ ዐውቄብሃለሁ።»

ጨዋታው ጨዋታ ነው፤ ፍርሃቱ ግን የእውነት ነበር። ከስምሪት የወረደ ሾፌር ጥበቃ ወይም ተላላኪ ነው የሚሆነው። ሽብሩ ከመሪው ጀርባ ካልተቀመጠ ሰው የሆነ አይመስለውም ነበር።

በዚያ ዓመት ሽብሩ እንደ ልማዱ ተሰናድቶ ቂርቆስ ሄደ። አቶ ከድር ደሙን ቀድተው ሲያበቁ ክንዱን አልለቀቁትም።

«አንተ ሰውዬ፣ አብሽ አብሽ ሸተትከኝ።»

«ለጨጓራ ነው፣ ጋሽ ከድር።»

«የካዛንቺስ ሾፌር ሁሉ ጨጓራው በአንድ ሳምንት ነው እንዴ የሚነሣው? ተቀመጥ። ቸኩለሃል?»

አልቸኮለም። የጠዋቱ ውጤት መቶ አራት ሆነ፤ ስኳር አለበት ከሚያሰኘው ልክ በታች ነው። አቶ ከድር ግን የስኳር ዱቄት መዝነው፣ በውሃ በጥብጠው አጠጡት፤ ቀዩን ሰዓት ሞልተውም ሁለት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጡት። መራመድ የለ፣ ማጨስ የለ። ደወሉ ሲጮህ እንደገና ደም ቀዱ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆነ፤ ከልኩ በላይ። በሌላ ቀን ጠርተው ደገሙት፤ ያው ነው። ለሽብሩ በግልጽ ነገሩት፤ ስኳር እንዳለበት፣ ሐኪም እንዲያይ፣ ዐይኑንም እንዲመረመር። ከዚያ ለእኛ በላኩት ቅጽ ላይ ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፉ። ቅጹ ላይ «የደም ስኳር መጠን (በባዶ ሆድ)» የሚል አንድ መስመር ብቻ ስለነበር ሁለተኛውን ቁጥር ያሰፈሩት በኅዳጉ ነው፤ በአኃዝም በፊደልም።

እኔ ቅጹን መለስኩት። «ውጤቱ በቅጹ መሠረት ተስተካክሎ እንዲላክልን» የሚል ደብዳቤ አያይዤ፣ ቁጥርና ቀን ሰጥቼ መለስኩት። በዚያ ቀን ትክክለኛ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አቶ ከድር ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ደብዳቤዎ ደርሶኛል። የትኛውን ቁጥር ልተው?»

«ትክክለኛ ያልሆነውን፣ አቶ ከድር።»

«ሁለቱም ትክክል ናቸው።»

«አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ጤነኛም በሽተኛም ሊሆን አይችልም።»

«ይመስላል። ጠዋት በባዶ ሆዱ ላየው ጤነኛ ነው። እህል ሲቀምስ ደግሞ ደሙ የሚለው ሌላ ነው። የጠዋቱ ምርመራ ቀላል ነው፣ ጥሩም ነው፤ ብዙውን ሰው ይይዛል። እንዲህ ያለው ሰው ግን ያመልጠዋል። አቶ ታደሰ፣ ሰው ሲጾም ሁሉም ደኅና ይመስላል። ሲበላ ነው የሚታወቀው።»

ይህን የተናገሩት ስለ ሾፌሩ ይሁን ስለ መሥሪያ ቤታችን አልጠየቅኩም።

«መመሪያው ‹በባዶ ሆድ› ነው የሚለው» አልኩ። «መስመሩም አንድ ነው።»

«እንግዲያው የታመመው ቅጹ ነው» አሉ፤ ፈገግ እንኳ አላሉም። ቅጹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። «እኔ የምሰርዘው ቁጥር የለኝም። ከተሰረዘም በእርስዎ እጅ ይሰረዝ።»

አልሰረዝኩም። በሠላሳ ዓመት አገልግሎቴ የሰው ጽሑፍ ሰርዤ አላውቅም። ለስምሪት ክፍል በጻፍኩት ደብዳቤ ላይ ግን የገለበጥኩት አንዱን ቁጥር ብቻ ነበር፤ መቶ አራትን። ለእኛ መሰረዝ ጥፋት ነው፤ መገልበጥ ግን ሥራ ነው። «በሾፌርነት ሥራው ለመቀጠል ብቁ ነው» ብዬ ፈርሜ ማህተም አስደረግኩበት። ከደብዳቤው ግርጌ እንደ ተለመደው «ግልባጭ፦ ለሕክምና ቦርድ» የሚል ነበር። ያ ቦርድ በወረቀት እንጂ በአካል ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። መስመሩ ከድሮው ደብዳቤ ወደ አዲሱ እየተገለበጠ የመጣ ነው።

ሽብሩ ደብዳቤውን አጥፎ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር ያዘው። አቶ ከድር ሐኪም ጋ መሄዱን ሲጠይቁት «ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ያሉትን ሁሉ የሐኪሞች ቦርድ አይቶታል። ሁለቱን ቁጥር አመዛዝነው ነው ብቁ ነህ ያሉኝ» አላቸው። ወረቀቱን አውጥቶ ግርጌውን አሳያቸው። ይህን የሰማሁት ቆይቼ ነው። አንድ የላቦራቶሪ ሰው ቃል በማህተም ላይ ምን አቅም አለው?

ሦስት ዓመት ነዳ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ገብቶ ቆመ፤ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ መስተዋቱ ላይ ጥቁር ክር ይታየኛል። ብወለውለው ብወለውለው አይለቅም።»

«የመኪናው መስተዋት ላይ?»

«እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። መኪና ብቀይርም አለ።»

ክሩ ዐይኑ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር። ስኳሩ የዐይኑን ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት ሲጎዳቸው ኖሯል። በዓመቱ የቀኝ ዐይኑ ጠፋ። ሽብሩ በሕክምና ምክንያት ጡረታ ሲወጣ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሲሰናበተኝ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ያ ቦርድ ነው የተሳሳተብኝ፤ እርስዎማ ምን አደረጉ» አለኝ። በዚያች ቅጽበት መናገር ነበረብኝ። በሩ ላይ ሰው ቆሟል፣ ጊዜው አይደለም አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁሌም ጊዜው አልነበረም።

በሳምንቱ ወደ ቂርቆስ ሄድኩ። አቶ ከድር ብልቃጥ እያጠቡ ነበር። እወቀሳለሁ ብዬ የሄድኩትን አልወቀሱኝም። «ቅጹን ይዘዋል?» አሉኝ። ይዤ ነበር፤ ባዶ ቅጽ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ማስመሪያ አውጥተው ከአንደኛው መስመር ሥር ሁለተኛ መስመር አሰመሩ፤ ከሥሩም ለአስተያየት የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። ከዚያ እጃቸውን አድርቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁኝ።

«ነገሩት?»

«ምኑን?»

«ቦርድ እንዳልነበረ። የላቦራቶሪውን እኔ ነግሬዋለሁ። የቢሮውን የሚነግሩት እርስዎ ነዎት።»

ቅጹን ለማስለወጥ አሥራ አራት ወር ፈጀብኝ። ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለአስተያየት ተላከ፤ ጠፋ፤ እንደገና ጻፍኩ። በመጨረሻ ሁለተኛው መስመር ጸደቀ። ጡረታ ስወጣ ከተውኳቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራበት ያ መስመር ነው፤ የማፍረውም በእሱው ነው።

በኋላ ያለፈውን ሁለት ሦስት ወር የሚናገረው የደም ምርመራ በካዛንቺስ የግል ላቦራቶሪዎች መሠራት ጀመረ። አቶ ከድር ሲያስረዱኝ «ስኳሩ ከቀዩ የደም ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። የአንድ ሳምንት አብሽ አያስለቅቀውም» አሉኝ። እኔ በደስታ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። ቅጹን እንደገና አስለውጬ ይህን ምርመራ ብቻ ላስገባ አሰብኩ። ባዶ ሆድ የለ፣ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የለ። አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር።

«አይ አቶ ታደሰ» አሉኝ፤ ያን ቀን ሣቁ። «እርስዎ አንድ መስመር ሳይወዱ አይቀሩም።»

ከዚያ የጤና ጣቢያቸውን የጽዳት ሠራተኛ ነገር አጫወቱኝ። ሴትዮዋ በዚያ ምርመራ ስኳር አለባት ተብላ፣ ዳቦ ትታ፣ ከስታ፣ ስታለቅስ አገኟት። ዐይኗን ገልበጥ አድርገው ሲያዩ ነጥቷል፤ የደም ማነስ ነበረባት። የጠዋቱን አዩላት፤ ደኅና። ስኳር አጠጥተው ሁለት ሰዓት አስቀመጧት፤ ደኅና። ብረት ያለው መድኃኒት ወስዳ ደሟ ከተመለሰ በኋላ ያ ምርመራ ሲደገም ቁጥሩ ወረደ።

«የሦስት ወሩ ምርመራ ሽማግሌ ነው፤ ብዙ ያስታውሳል» አሉ። «ደሙ ባነሰ ሰው ላይ ግን አንዳንዴ አጋንኖ ያወራል። ሽማግሌ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ ጎረምሳ ስለሆነም ብቻ አይናቅም። ያመሳክሯቸዋል። ሳይስማሙ ሲቀሩ ደግሞ ቁጭ ብለው ለምን ይላሉ። ሥራው ያ ነው። ሌላ የለውም።»

ሥራው አድካሚ ነበር፤ በትከሻቸው ላይ ይታይ ነበር። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሽብሩን በየሦስት ወሩ እጁን ይዘው ምርመራ ይወስዱታል፤ ውጤቱን ጮክ ብለው ያነቡለታል፤ ሰዓቱን ከነደቂቃው። እኔ ሦስተኛ ሆኜ የተገኘሁባቸው ቀናት ነበሩ። ሽብሩ ደም ሊሰጥ ሲገባ፣ አቶ ከድር ወደ እኔ ዘንበል ብለው በቀስታ «ነገሩት?» ይላሉ።

«ገና ነኝ።»

«ውጤት ሳይነገር ስለቆየ አይቀንስም።»

ያላቸው ቃል ያ ብቻ ነበር። ለሽብሩ ራሳቸው ሊነግሩት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። የአንዱን ሰው የደም ውጤት ለማይመለከተው ሰው አሳልፈው እንደማይሰጡ ሁሉ፣ የእኔን ነገር ለእኔ አቆዩልኝ። እኔ ደግሞ በየበዓሉ እየደወለ «ጋሼ እንደምን ነዎት» የሚለኝን ሰው ማጣት ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ሐሙስ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ቂርቆስ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ ተተክሏል። ለልጆቻቸው «አላህ ያጽናችሁ» ብዬ፣ ሽብሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። በድምፄ ለየኝ። ሻይ ሰጡን፤ የእሱ ያለ ስኳር ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅለታል። ስለ ሟቹ ትንሽ አወራን፤ ስለ ቀዩ ሰዓት፣ ስለ ሲባጎው። «ነገሩት?» የሚለኝ ሰው አልነበረም፤ ጥያቄው ግን አብሮኝ ተቀምጦ ነበር።

«ሽብሩ፣ ቦርዱ አልተቀመጠም ነበር።»

«የትኛው ቦርድ?»

«ያን ጊዜ ወረቀቴን አይቶ ተሳሳተብኝ የምትለው። ማንም ሐኪም አላየውም። ሁለት ቁጥር ነው የደረሰኝ፤ አንዱን የተውኩት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም።»

የሻይ ብርጭቆውን ዝቅ አደረገ፤ መሬቱን በጣቱ ፈልጎ፣ ሲያገኘው አስቀመጠው።

«ቦታ አልነበረውም» አለ።

«አልነበረውም።»

«እኔ ደግሞ ለልጆቼ ሐኪም ሰው ነው፣ ይሳሳታል ስላቸው ነበር የኖርኩት። አብሹን ማንም በግድ አላጠጣኝም። እሱ የእኔ ነው። ያንን ወረቀት ግን፣ ጋሼ፣ እንደ ጸሎት መጽሐፍ ነበር በኪሴ የምይዘው።»

ብርጭቆዬን ከእሱ ብርጭቆ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ጋሽ ከድር ያውቅ ነበር?»

«ያውቁ ነበር። ይንገሩት ሲሉኝ ኖረዋል።»

«እሱ እያለ ቢነግሩኝ መልካም ነበር» አለ። ድምፁን አላነሣም። ቢያነሣ ይቀለኝ ነበር።

ተነሣን። ከድንኳኑ ወጥተን ወደ ለገሃር የሚወስደው አስፋልት ጋ ደረስን። ሽብሩ ወትሮ መንገድ ስንሻገር ክርኔን ይይዛል፤ እኔም ክንዴን ሰጠት አድርጌ ቆምኩ። አልያዘውም። እጁን ከኮቱ ኪስ አላወጣም። ሚኒባሶቹ እየተከታተሉ አለፉ፤ ረዳቶቹ ይጣራሉ። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ።

ብዙ ቆይቶ «መንገዱ ባዶ ሲሆን ይንገሩኝ» አለኝ።

ወደ ግራ አየሁ። ወደ ቀኝ አየሁ። ባዶ ነበር። እንደገና ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ አየሁ። ከዚያ ነገርኩት።